የሶላር ባትሪዎ አርጅቷል ወይስ ተርቧል?

በነሐሴ የሶላር ባትሪ አይቀየርም። የቀረውን ለማንበብ ጊዜ ባያገኙ እንኳ ይህቺን ይያዙ። ችግሩ፣ መብራቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ የሚደበዝዘው፣ ቴሌቪዥኑ ዜናው ሳያልቅ የሚጠፋው፣ ቤተሰቡም በአንድ ድምፅ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ የሚፈርደው ነሐሴ ላይ መሆኑ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ገንዘብ ቋጥሮ ከወለጋዋ አርጆ ወደ ነቀምቴ ይሄዳል፤ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ይመለሳል። አዲሱም ጥቂት ሳምንታት ሠርቶ እንደ አሮጌው ማታ ማታ መጥፋት ይጀምራል። ሻጩ ይረገማል። አሮጌው ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና ሊሠራ የሚችል ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 50 ዋት ሶላር በጠራ የኅዳር ቀን ባትሪው ውስጥ የሚያስገባው ወደ 200 ዋት-ሰዓት ነው። ቤቱ ደግሞ ባለ 5 ዋት ሦስት አምፖል ለ4 ሰዓት ቢያበራ 60፣ ባለ 20 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ቢያይ 80፣ ሦስት አራት ስልክ ቢሞላ 30፣ በድምሩ 170 ዋት-ሰዓት ይበላል። በኅዳር ገቢው ከወጪው ይበልጣል። በሐምሌ ደመናው ከጠዋት እስከ ማታ ሲተኛ ያው ሶላር 80 እንኳ ላያስገባ ይችላል፤ በጣም በጨለመ ቀን ከጠራው ቀን ሩብ በታች ይወርዳል። ወለጋ ደግሞ ክረምቱ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ የሚወጣበት አገር ነው። ባትሪው ለወራት ሳይጠግብ ያድራል። የተራበ ባትሪና ያረጀ ባትሪ ማታ ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም መብራት ያጠፋሉ። የዚህ ጽሑፍ ሥራ ሁለቱን እንዲለዩ ማገዝ ነው።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆኑ መንገዶች ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ከመስመር ውጭ ማለት በአብዛኛው ሶላር ነው፤ ሶላር ባለበት ቤት ሁሉ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ዕቃ ባትሪው ነው። ሶላሩ ራሱ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ ተራ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ግን እንደ አያያዙ ሁለትም አምስትም ዓመት ነው ዕድሜው። መስመር የገባላቸው የአርጆ ከተማ ቤቶችም መብራት ሲጠፋ የሚያወጡት የእጅ ባትሪና የሚሞላ መብራት ስላላቸው ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም።

ከባትሪው በፊት

ቴስተር ከማንሳትዎ በፊት ዓይንዎን ይጠቀሙ። ጣሪያ ላይ ይውጡና ሶላሩን ይመልከቱ። በበጋ የመንገድ አቧራ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ከማድቤት የሚወጣው ጥላሸት ይለጠፍበታል። በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ጠዋት፣ መስታወቱ ሳይግል ይጥረጉት። ቀጥሎ ጥላ ይፈልጉ። ሶላሩ ሲተከል ትከሻዎ ላይ ይደርስ የነበረው ባሕር ዛፍ ዛሬ ከቤቱ በልጦ ይሆናል። የሶላሩ አንድ ጥግ ብቻ ቢጠላ የሚጎድለው ያ ጥግ የሚሰጠው ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያሉት ሴሎች ተቀጣጥለው የተያያዙ ስለሆኑ ከግማሽ በላይ ሊወርድ ይችላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምንም ጥላ ሊያርፍበት አይገባም።

ከጣሪያው ወርደው ወደ ባትሪው ይሂዱ። ሞርሴቶው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ኃይሉ እዚያው እየታነቀ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱት፤ ድብልቁ ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። አድርቀው፣ አጥብቀው አስረው፣ ከላይ ቫዝሊን ይቀቡት። ገመዱንም ይመልከቱ። ለመደወያ የሚያገለግል ቀጭን ገመድ ከሶላር እስከ ባትሪ 15 ሜትር ቢዘረጋ መንገድ ላይ የሚያስቀረው ኃይል ጥቂት አይደለም። ከኮንትሮለሩ (ሙሌቱን ከሚቆጣጠረው ሣጥን) እስከ ባትሪው ያለውን ገመድ በቴስተር ማረጋገጥ ይቻላል፤ በቀትር ኮንትሮለሩ ጋ እና ባትሪው ራስ ላይ ቮልቱን ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ0.3 ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የመገናኛው ነው።

ሦስተኛው ነገር ለመናገር ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው። ቤቱ ውስጥ ምን ተጨመረ? ባትሪው ሲገዛ ሁለት አምፖል ብቻ ነበር። ዛሬ ዲሽ፣ ቴሌቪዥን፣ የጎረቤት ስልክ እየሞሉ ሳንቲም የሚያገኙበት ሰባት ገመድ ተጨምሯል። ባትሪው አልደከመም፤ ሸክሙ ነው የበዛው። እንዲህ ከሆነ መጨመር ያለበት ሶላር ነው እንጂ ባትሪ አይደለም። ሰው ሁሉ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ትልቅ ባትሪ ይገዛና በዚያው ትንሽ ሶላር ለመሙላት ይሞክራል። ትልቁ ባትሪ ከትንሹ ይልቅ ይራባል።

ባትሪውን ያጥግቡ

አሁን ወደ ባትሪው መጣን። ምርመራውን ጥቅምት ውስጥ ይጀምሩ፤ እስከ ጥርና የካቲት ድረስም ይሆናል። ሦስት የጠራ ቀን ይምረጡና በእነዚያ ቀናት ቴሌቪዥኑን ይተዉ፤ አንድ አምፖል ብቻ ያብሩ። ኮንትሮለሩ ላይ ባትሪው ሙሉ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት በቀትር መብራት አለበት። በሦስት ቀን ካልሞላ አንድ ሳምንት ይስጡት። ለወራት በጎዶሎ ያደረ የእርሳስ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገር የእርሳስ ሰልፌት አለ፤ ቶሎ ከተሞላ ይሟሟል፣ ከቆየ ግን ይጠነክርና የሸፈነውን ያህል የባትሪውን ቦታ ለዘለዓለም ይወስዳል። ቀስ ያለና ረዥም ሙሌት የሚሟሟውን ያህል ይመልስልዎታል።

መስመር ባለበት ከተማ ባትሪ የሚሞላ ቤት መውሰድም ይቻላል። እዚያ ሲሄዱ አንድ ነገር ይንገሩ፤ «ቀስ ብለህ ሙላልኝ» ይበሉ። ለባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 10 አምፔር በቂ ነው፤ ሌሊቱን ይደር። በአንድ ሰዓት ውስጥ በ30 እና በ40 አምፔር የሚያፈሉልዎት ከሆነ መኪና ለማስነሳት ያህል እንጂ ባትሪዎን ለማዳን አይደለም።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የውሃውን ከፍታ ይመልከቱ። ሳህኖቹ መሸፈን አለባቸው። የጎደለው በተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይሞላ፤ የቧንቧ፣ የምንጭ ወይም የጣሪያ ውሃ አይሆንም። አሲድ ደግሞ በፍጹም አይጨመርም። ከባትሪው የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው አለ። አሲድ የጨመረበት ሰው ለአንድ ሳምንት «ተሻለው» ብሎ ይደሰታል፤ ከዚያ ሳህኖቹ ይበላሉ። ክዳኑን ሲከፍቱ ኩራዝ፣ ሻማም ሆነ ሲጋራ አጠገብዎ አይኑር፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን የሚፈነዳ ጋዝ ነው። አሲድ ዓይን ውስጥ ቢረጭ ሳይጠብቁ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የጠዋቱ ልኬት

ባትሪው በሞላበት ዕለት ማታ መጀመሪያ ሶላሩን፣ ቀጥሎ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ይንቀሉ። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ ባትሪው ቀድሞ ከተነቀለና ሶላሩ ፀሐይ ላይ ከሆነ ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል። ሲመልሱ በተቃራኒው ነው፤ ባትሪ ቀድሞ፣ ሶላር ተከትሎ። ባትሪው ምንም ሳይነካው ይደር።

ንጋት ላይ በቴስተር ይለኩ። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ካደረ በኋላ 12.6 እስከ 12.8 ካሳየ ሞልቷል። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ 11.8 ባዶ ነው። ማታ ሞልቶ ያደረ ባትሪ ጠዋት 12.4 ከሆነ ደክሟል፤ ቢሆንም ገና አይፍረዱ። 10.5 አካባቢ ካሳየ ግን ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ባትሪው ውስጥ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ 10.5 ማለት አንዱ ሞቷል፣ አምስቱ ቀርተዋል። ይህ አይድንም፤ ይቀየር። እንዲያውም ቶሎ ይቀየር፤ ኮንትሮለሩ ወደ 14 ቮልት ሊያደርሰው ሲታገል አምስቱን ክፍሎች ያፈላቸዋል።

ክዳኑ ለሚከፈተው ባትሪ ከቴስተር የሚሻለው ሃይድሮሜትር ነው፤ መኪና ጋራዥ ውስጥ አይጠፋም። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ጥቂት ፈሳሽ ስበው ተንሳፋፊው የቆመበትን ያንብቡና ስድስቱንም ወረቀት ላይ ይጻፉ። 1.265 እስከ 1.280 ሙሉ ነው፤ 1.200 አካባቢ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ዋናው ነገር ግን ቁጥሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አምስቱ 1.260 ብለው አንዱ 1.200 ካለ፣ ልዩነቱ ከ0.050 በልጧልና ያ ክፍል ሊሞት ተቃርቧል። ስድስቱም እኩል 1.200 ካሉ በተቃራኒው ደስ ይበልዎ፤ ባትሪው ተርቧል እንጂ አልሞተም።

የሌሊቱ ፈተና

ቮልት ባትሪው መሙላቱን ይነግርዎታል፤ ምን ያህል እንደሚይዝ ግን አይነግርዎትም። ያረጀ ባትሪ ጠዋት 12.7 አሳይቶ ማታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ይህን የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታወቀ ሸክምና ሰዓት።

ሸክሙ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። የባትሪ መጠን የሚጻፈው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ቢወጣ በሚሰጠው ነው፤ 100 አምፔር-ሰዓት ማለት 5 አምፔር ለ20 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለባለ 100 ባትሪ ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል ይግዙ፤ ወደ 4.5 አምፔር ይስባል። ለባለ 40 ባትሪ ባለ 21 ዋት የፍሬን መብራት ይበቃል። ለትንሿ ባለ 7 ደግሞ ባለ 5 ዋት የፓርኪንግ አምፖል ይሆናል። አምፖሉ፣ በተለይ ባለ 55ቱ፣ እጅ ያቃጥላል፤ ድንጋይ ወይም ሸክላ ላይ ያስቀምጡት እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይተዉት።

የሞላውን ባትሪ ከኮንትሮለሩ ጋር መልሰው ያያይዙ፤ ሶላሩ ተነቅሎ ይቆይ። አምፖሉን በኮንትሮለሩ መብራት መስመር ላይ ያገናኙና ሰዓቱን ይጻፉ። ኮንትሮለሩ ወደ 11 ቮልት ገደማ ሲደርስ ራሱ ይቆርጣል፤ ያን ሰዓትም ይጻፉ። ኮንትሮለርዎ የማይቆርጥ ዓይነት ከሆነ በየሰዓቱ እየለኩ አምፖሉ እንደበራ 11.1 ቮልት ሲደርስ ያጥፉት። ከዚያ በታች መውረድ ባትሪውን ይጎዳል። ፈተናው እንዳለቀ በዚያው ቀን ይሙሉት፤ ባዶውን ማሳደር ሊመረምሩት የፈለጉትን በሽታ ራስዎ መስጠት ነው። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይም አይፈትኑት።

ምሳሌ ልስጥ። ባለ 100 ባትሪ በባለ 55 ዋት አምፖል ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተቆረጠ እንበል። 9 ሰዓት ቆየ፤ 9 በ4.5 ሲባዛ 40 አምፔር-ሰዓት ግድም ነው። ጤናማ አዲስ ባትሪ 18 ሰዓት አካባቢ መቆየት ነበረበት። ይህ ግማሹን አጥቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምክር አለኝ፤ ይህን ፈተና አዲስ ባትሪ በገዙ በመጀመሪያው ሳምንት ያድርጉትና የተገኘውን ሰዓት ከግዢው ቀን ጋር በማይለቅ ማርከር ባትሪው ጎን ላይ ይጻፉ። ከዓመት በኋላ የሚያወዳድሩት ከሻጩ ወረቀት ጋር ሳይሆን ከራሱ ከባትሪው ጋር ይሆናል። በሬዲዮ የሚመሩ ትንንሽ የሞዴል አውሮፕላኖችን የሚያበርሩ ሰዎች ይህን ልማድ በቁም ነገር ይይዙታል፤ እያንዳንዱ ባትሪ ላይ ቀን ይጻፋል፣ መዝገብ ይያዝለታል፣ መጠኑ ከመጀመሪያው ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ከበረራ ይወጣል። እነሱ የሚጨክኑት ሞተሩም መሪውም በአንድ ባትሪ ስለሚሠሩ ነው፤ ባትሪው አየር ላይ ከወደቀ አውሮፕላኑም አብሮ ይወድቃል።

ታዲያ መቼ ይቀየር?

የኢንዱስትሪውም መለኪያ ያው 80 በመቶ ነው። የስልክ ጣቢያና የሆስፒታል የመጠባበቂያ ባትሪ እዚያ ሲደርስ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ይፈጥናል፣ መቼ እንደሚወድቅም አይታወቅም። እኔ ግን ለመኖሪያ ቤት ይህን ሕግ አልመክርም። ሳሎን ውስጥ መብራት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢጠፋ የሚወድቅ አውሮፕላን የለም። ባትሪዎ በ80 በመቶ ላይ ከሆነ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምሩ። 60 ሲደርስ ለሚቀጥለው ክረምት አይተርፍምና ከግንቦት በፊት ይቀይሩት። ከግማሽ በታች ከሆነ እያገለገለዎት አይደለም፤ ሶላሩ የሚያመጣውን ኃይል እየበላ ሙቀት ያደርገዋል።

ነገሩ የሚለየው ባትሪው ሲወድቅ የሚከተለው ጉዳት ሲለይ ነው። አዋላጅ በሌሊት የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከሆነ 80 በመቶ ላይ ይቀየር፤ ክርክር የለውም። የድሮዎቹ የሶላር የክትባት ማቀዝቀዣዎች ትልቁ ችግራቸው ይኸው ባትሪ ነበር፤ በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ መቀየር ነበረበት፣ በጀቱ ግን ሁልጊዜ በሰዓቱ አይገኝም ነበር። ለዚህ ነው ኋላ ላይ ያለ ባትሪ በቀጥታ በፀሐይ የሚሠሩና ቅዝቃዜውን በበረዶ የሚያጠራቅሙ ማቀዝቀዣዎች የመጡት። እርስዎ መብራትን በበረዶ ማጠራቀም አይችሉም፤ ስለዚህ መዝገብ ይያዙ።

ቦታም ዕድሜን ይወስናል። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። አርጆ ከተማ ደጋ ነው፤ ባትሪ ይወደዋል። ቁልቁል ወደ ዴዴሳ ሸለቆ፣ ወደ አርጆ ዴዴሳ ስኳር ፋብሪካ አካባቢ ሲወርዱ ያው ባትሪ፣ ያው ሶላር፣ ያው አጠቃቀም ሆኖ ዕድሜው ያጥራል። እዚያ ያሉ ዘመዶችዎ ቀድመው ቢቀይሩ አያያዝ አያውቁም አይበሏቸው። ባትሪውን ከቆርቆሮው ሥር ካለው መደርደሪያ አውርደው መሬት አጠገብ፣ ጣውላ ላይ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ቢያስቀምጡት ግን ይጠቀማሉ።

ሊቲየም ከሆነ

አዲሶቹ የቤት ሶላሮችና ፋኖሶች ብዙዎቹ የሊቲየም-ብረት-ፎስፌት ባትሪ ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ ከ2,000 ጊዜ በላይ ተሞልተው መውጣት ይችላሉ፤ የእርሳሱ ጥቂት መቶ ነው። የጠዋቱ የቮልት ልኬት እዚህ ብዙ አይረዳም፤ ከሙሉ እስከ ባዶ አጠገብ ድረስ 13 ቮልት አካባቢ ይቆይና በመጨረሻ በአንዴ ይወርዳል። የሌሊቱ ፈተና ግን እንዳለ ይሠራል። ቴስተሩ 0 ቢያሳይ አይደንግጡ፤ ውስጡ ያለው የመከላከያ ሰሌዳ ቆልፎት ሊሆን ይችላል፣ ሶላሩ ሲገናኝ ሊነቃ ይችላል። ለብዙ ወራት ባዶውን ተቀምጦ የማይነቃ ከሆነ ግን በሌላ ባትሪ አስገድዶ ማስነሳት እሳት መጥራት ነው፤ ይተዉት። ሊቲየም የሚቀመጠው ሙሉውን ሳይሆን ግማሹን ተሞልቶ ነው፤ የእርሳሱ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉውን።

በማንኛውም ሊቲየም፣ የስልኩም ቢሆን፣ ያበጠ ባትሪ ፈተና አያስፈልገውም። የስልክዎ ስክሪን ከጎን እየተነሳ ከሆነ ዛሬውኑ ይቀየር፤ አልጋ ላይ አይሙሉት፣ አይብሱት፣ አይጫኑት። ለእጅ ባትሪ የሚሸጡት ክብ የሊቲየም ድንጋዮች ላይ 9,900 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ካዩ ውሸት ነው። በዚያ ቁመትና ውፍረት የሚሠሩት ጥሩዎቹ እንኳ 3,500 አካባቢ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከ2,000 እስከ 2,600 ነው የሚይዙት።

ብዙ ርካሽ የሚሞሉ የእጅ ባትሪዎች ውስጥ ያለችው ግን ሊቲየም ሳትሆን ባለ 4 ቮልት ትንሽ የእርሳስ ባትሪ ናት። የሚገድላት ባዶዋን መቀመጥ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ተጠቅመው ወዲያው መልሰው ይሙሏት፣ ባይጠቀሙባትም በወር አንዴ። ሌሊቱን ሙሉ ተሰክታ እያደረችም ትደርቃለች።

ሲገዙ

ቴስተርዎን ይዘው ይሂዱ። ሱቅ ውስጥ ያለ የእርሳስ ባትሪ ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ፣ መደርደሪያ ላይ ሆኖ መራብ ጀምሯልና አይግዙት። ቀጥሎ ይመዝኑት። እርሳስ ከባድ ነው፤ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 7ቱ ከ2 ኪሎ በላይ መመዘን አለበት። ላዩ ላይ 100 ተጽፎ 18 ኪሎ ከመዘነ ውስጡ ያለው እርሳስ የ60 ነው። ቡና ለመመዘን ሚዛን በማይጠፋበት አገር ባትሪ ሳይመዘን መግዛት አያምርም። ሊቲየም ግን በዚህ አይለካም፤ ባለ 100ው ከ10 እስከ 13 ኪሎ ነው።

የመኪና ባትሪ ለሶላር አይሆንም፤ ርካሽ ቢሆንም፣ ኢሱዙ ላይ ለዓመታት ቢሠራም። ሳህኖቹ ስስ ናቸው፤ የተሠሩት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል ሰጥተው ወዲያው እንዲሞሉ ነው። በየማታው ግማሹን ካወጡት ዓመት መድፈኑ ያጠራጥራል። ዲፕ ሳይክል ወይም የሶላር ባትሪ ብለው ይጠይቁ።

ሁለት ባትሪ ገጥመው የሚጠቀሙ ከሆነ ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ። አዲስና አሮጌ ሲጣመሩ አዲሱ በአሮጌው ልክ ይወርዳል። የእርሳሱን አውጥተው ሊቲየም የሚያስገቡ ከሆነም ኮንትሮለሩ ለሊቲየም የሚስተካከል መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ። ፈሳሽ ያለበትን ባትሪ በመኪና ሲያመጡ ቆሞ ይጓዝ፤ ጤፍና በርበሬ አጠገብ አይጫን።

የወጣው አሮጌ ባትሪስ? ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነውና ዋጋ አለው፤ የገዙበት ሱቅ ወይም ቆራሌው ይወስደዋል። አሲዱን ጓሮ ወይም ምንጭ አጠገብ አይድፉት፤ እርሳሱን ቤት ውስጥ አያቅልጡት። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ልጆች ሣጥኑን መጫወቻ ሳያደርጉት በዚያው ባትሪ በገዙበት ቀን ከቤት ያስወጡት።